ለሐዋ የሰጠኋት ስልሳ ሁለት

ይህን ነገር ከአንድ ሰው በቀር ለማንም ተንፍሼው አላውቅም። ሚስቴ እንኳ አታውቅም፤ ሃያ ስምንት ዓመት አብረን ስንኖር አንድ ቀን አላነሳሁላትም። ለነፍስ አባቴ ጾም መሻሬን፣ ሰው ማማቴን፣ በጎረምሳነቴ ጠጥቼ መሳደቤን ሁሉ ዘርዝሬ ተናዝዣለሁ፤ እዚች ላይ ስደርስ ግን ዘልያት አልፋለሁ። ኃጢአት አይመስልማ! አልገደልኩ፣ አልሰረቅኩ። ቁጥር ነው የጻፍኩት። «አባ፣ ለአንዲት ልጅ ቁጥር ሰጠኋት» ብላቸው ምን ሊሉኝ ነው? መምህር አይደለህ፣ ምን ክፋት አለው ይሉኛል። እናንተ ግን እስከ መጨረሻው ስሙኝና ፍረዱ።

አሶሳ የተመደብኩት ክልሉ ገና በተቋቋመ ሰሞን ነው። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ ከጎጃም ስነሳ ዲፕሎማዬን በላስቲክ ጠቅልዬ፣ ሁሉን የማውቅ መስሎኝ ነው የሄድኩት። ያን ጊዜ እዚያ ቢሮው አዲስ፣ ወንበሩ አዲስ፣ ማህተሙ አዲስ ነው፤ የሚሠራበት የአገር ልጅ ግን ገና አልደረሰም። ስለዚህ ስምንተኛ ክፍል ከደረሱት ጎበዝ ጎበዙ እየተመረጠ፣ አጭር ሥልጠና ወስዶ መምህር ሆኖ ወደየቀበሌው ይመለስ ነበር። ከእኛ ትምህርት ቤት ሁለት ሴቶች ላኩ ተባለ። ዳይሬክተሩ ምርጫውን ለእኔ ሰጡኝ። ለምን ለእኔ? እኔው ለፍልፌ ነው።

ኮሌጅ ሳለሁ የአእምሮ ችሎታ መለኪያ የሚሉትን፣ ዛሬ ሁሉ ሰው አይኪው የሚለውን፣ ለጥቂት ወራት ተምሬ ነበር። የመጠይቁንም በስቴንስል የተባዛ ቅጂ ይዤ መጥቻለሁ። አንድ ቀን በመምህራን ማረፊያ ክፍል ስለዚሁ ስደሰኩር፣ ገመቹ የሚባል ከወለጋ የመጣ የሒሳብ መምህር «ልጆቹን እኛው እናውቃቸው የለም እንዴ? ወረቀት ምን ይጨምራል?» አለኝ። «ይሄ ሳይንስ ነው ወንድሜ፤ በዓይን ግምት በግ ነው የሚገዛ» ብዬ ሰው ፊት አሳፈርኩት። ሳቀና «እሺ ሳይንስ፣ እናያለን» አለ። ከዚያ ወዲህ ስሜ ሳይንስ ሆኖ ቀረ። ሳቁ ውስጤ ገብቶ ተቀመጠ።

ከሴቶቹ መካከል ሐዋ የምትባል የአገሬው የበርታ ብሔረሰብ ልጅ ነበረች፤ አሥራ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። የሰው ዓይን አታይም። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ጆሮዋን በሁለት እጇ ይዛ ትወጣና ግቢው ውስጥ ካለው ማንጎ ዛፍ ሥር ትቆማለች፤ ብትበሰብስም ግድ የላት። የትምህርት ቤቱን ተማሪ ስም ከነተራ ቁጥሩ በቃሏ ይዛዋለች። እኔን የሚያናድደኝ ግን ሌላ ነው። ሳስተምር እጇን ታወጣና «ቲቸር፣ ማክሰኞ ያልከው ሌላ ነው» ትለኛለች፣ ክፍሉ ሁሉ እየሰማ። ደብተሬን ገልጬ ሳይ ልክ ናት። ሁልጊዜ ልክ ናት፣ ወይ መከራ! ኦቲዝም የሚል ቃል ያን ጊዜ በጆሮዬ አልገባም። ግትር ነበር የምላት፤ በሆዴ ያወጣሁላትን ስም አልጽፈውም።

መምህር መሆን ትፈልግ ነበር። መፈለግ ብቻ ነው? ከትምህርት ቤት ስትመለስ የሰፈሯን ሕፃናት ቀርከሃ አጥራቸው ጥግ በተርታ አስቀምጣ፣ በራሳቸው ቋንቋ ታስቆጥራቸዋለች። በዚያ ሳልፍ አይቻታለሁ። አንዱ ቢሳሳት አትቆጣም፤ ያንኑ ነገር፣ በዚያው ድምፅ፣ ሃያ ጊዜ ትደግምለታለች። እኔ በሦስተኛው አርጩሜ የማነሳው ሰውዬ ነኝ እንግዲህ ይህችን ልጅ መምህር ትሆናለች አትሆንም ብዬ የምመዝነው።

ፈተናውን ቅዳሜ ጠዋት ለክፍሉ ሁሉ፣ ለወንዶቹም ጭምር ሰጠሁ። በአማርኛ ነበር፤ ለአብዛኞቹ ሁለተኛ ቋንቋቸው መሆኑን ደንታም አልሰጠሁት። እንዳይገምቱብኝ ብዬ ደግሞ መጠይቁ ላይ የሌለ ትእዛዝ ከራሴ ጨመርኩ፦ «መልሱ አንድ ብቻ መሆኑን እርግጠኛ ያልሆናችሁበትን ጥያቄ እንዳትነኩ!» አልኩ። ሌሎቹ የአስተማሪ ቁጣ ነው ብለው ያሻቸውን ሞሉ። ሐዋ ብቻ ያልኩትን አደረገች።

አረምኩት። ስልሳ ሁለት ወጣላት። ደስ አለኝ። ይህን መጻፍ ነው ሁለት ሳምንት የፈጀብኝ፤ ደስ አለኝ። ያቺ ሰው ፊት የምታርመኝ ልጅ፣ ይኸው ሳይንሱ አረማት ብዬ ለብቻዬ ፈገግ አልኩ። ለእያንዳንዱ ተማሪ ቁራጭ ወረቀት ላይ ስምና ቁጥር ጽፌ፣ የትምህርት ቤቱን ማህተም መትቼ ሰኞ ጠዋት አደልኩ።

በዚያው ቀን ከሰዓት አባቷ መጡ። ማሽላ የሚያርሱ ሰው ናቸው፤ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው፣ ወረቀቷን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ሐዋን አስከትለው ነው የመጡት። ፊታቸው ይበራል።

«ቲቸር! ልጄ ስልሳ ሁለት አመጣ! ሃምሳ አለፈ! አልሐምዱሊላህ!» አሉኝ በተሰባበረ አማርኛቸው።

ገባችሁ? የክፍል ፈተና መስሏቸዋል። ሃምሳ ማለፊያ ነው፤ ስልሳ ሁለት ደግሞ ሸጋ ውጤት ነው። እንደዚያው መስሏቸው ቢሄዱ ምን ይጎዳኝ ነበር? ምንም። እኔ ግን የተማርኩ ሰው ነኛ!

«አይ አባባ፣ ይሄ እንደ ክፍል ፈተና አይደለም። የሙሉ ሰው ልክ መቶ ነው። ልጅዎ ከዚያ በጣም ዝቅ ያለች ናት፤ መምህርነቱ አይሆንላትም» አልኳቸው፣ ልጅቷ እዚያው ቆማ።

ወረቀቱን ዝቅ አደረጉት። «ሐኪም አለው?» አሉኝ። ለዚህ ሐኪም የለውም አልኳቸው። ሐዋ መሬት መሬቱን እያየች «ሠላሳ ስምንት ይጎድለኛል» አለች። አፌ ላይ መቶ የሚለው ቃል ሳይደርቅ ቀንሳ ጨርሳለች። እኔም ይህን እያየሁ ሸኘኋቸው።

እዚህ ላይ ባበቃ አላዋቂነት ነው ብዬ በተጽናናሁ። አላበቃም። በማግሥቱ ሐዋ መጣች። አሥራ ዘጠኝ ጥያቄ ባዶ ትታ ነበር፤ ወረቀቱን ሳታይ አሥራ ዘጠኙንም በተራ ትነግረኝ ጀመር። «ቢላዋ፣ መጥረቢያ፣ ማጭድ፣ ማንኪያ፤ ልዩ የቱ ነው? ማንኪያ አይቆርጥም። ግን በሁለት እጅ የሚያዝ መጥረቢያ ብቻ ነው። ሁለት መልስ አለው። አትንኩ ብለሃል፤ አልነካሁም።» እንዲህ እንዲህ እያለች እስከ አሥራ ዘጠነኛው። እኔ የምፈልገውን መልስ ሁሉ ታውቀዋለች፤ በላዩ ላይ እኔም፣ ፈተናውን ያወጣውም ሰው ያላየነውን ሌላ መልስ ታውቃለች። ስትጨርስ «ቲቸር፣ ከዚህ ውስጥ ሠላሳ ስምንቱ ይመለስልኛል?» አለችኝ።

«አንዴ የወጣ ቁጥር አይለወጥም» አልኳት።

ውሸት ነው! ቤቴ ሄጄ በነገረችኝ መልስ እንደገና አረምኩት። ከሁሉም በላይ ናት፤ ከወንዶቹም። የሚላኩት የሁለቱ ሴቶች ስም ዝርዝር ደግሞ እስከ ሐሙስ አይላክም፤ እኔው ኪስ ውስጥ ነበር። አንድ ስም ሰርዞ አንድ ስም መጻፍ ምን ያህል ይከብዳል? ረቡዕ ገመቹ አገኘኝና «ሐዋስ ስንት አመጣች?» አለኝ። ነገርኩት። ይስቃል ብዬ ስጠብቅ አልሳቀም። «በሞቴ፣ እስቲ ደግመህ እየው። ይህች ልጅ እኮ ሒሳብ ሳስተምር እኔን ነው የምታግዘኝ» ብሎ ለመነኝ። እኔ ደግሞ ያየሁትን አይቻለሁ። ግን አሁን ባስተካክለው የገመቹ ዓይን ልክ ሊሆን፣ የእኔ ሳይንስ መሳቂያ ሊሆን ነው። «አይቼዋለሁ፤ ያው ነው» አልኩት። ሐሙስ ዝርዝሩ ሄደ። የሐዋ ስም የለበትም።

ስለዚህ ያኔ አይታወቅም ነበር፣ ጊዜው ነው እንዳትሉልኝ። ያላወቅኩት ኦቲዝም የሚለውን ስም ነው። ልጅቷ ልክ መሆኗን፣ እኔ መዋሸቴን አውቅ ነበር። አውቄ ነው ያደረግኩት።

ከዚያ በኋላ ሐዋ አርማኝ አታውቅም። ሆን ብዬ ሰሌዳ ላይ ብሳሳት እንኳ ዝም ትላለች። አንዴ ስጠይቃት ተነስታ «እኔ ስልሳ ሁለት ነኝ፤ ሌላ ሰው ይጠየቅ» ብላ ተቀመጠች። ክፍሉ ሳቀ፤ ስሟም እሱው ሆነ። እሷ አላኮረፈችም። ቁጥር ነው፣ ማህተም አለው፣ እንግዲህ እውነት ነው ብላ ተቀበለችው። ሌላ ልጅ ቢሆን «ይሄ ደደብ አስተማሪ!» ብሎ ረስቶት ያድር ነበር። እሷ ግን የነገሯትን የምታምን ልጅ ናት። ዓመቱ ሲያልቅ ትምህርቷን አቋረጠች። እኔ ዝውውር አገኘሁና አገሬ ገባሁ፤ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ቀደም ብዬ ጡረታ ወጣሁ።

ዓምና ነው ነገሩ የተነሳብኝ። የልጄ ልጅ ንግግሩ ዘግይቶ፣ ጆሮውን እየያዘ ሲያስቸግር ሐኪም ዘንድ ወሰድነው፤ ኦቲዝም ነው አሉን። ሐኪሟ ከወረቀቱ ላይ አንድ ቁጥር አሳየችንና «ይሄ የአንድ ቀን ጠዋት ውጤት ነው፤ ልጁን በዚህ እንዳትጠሩት» አለች። እንዴት ያለች ሰው ናት! እኔ ከወንበሬ ተነስቼ ወጣሁ። ልጄ «ለልጅ ልጁ ደንግጦ ነው» ብላ አዘነችልኝ። እንኳን ሊታዘንልኝ!

ሰበብ ፈጥሬ አሶሳ ሄድኩ። እሷን ማግኘት አልከበደኝም፤ ገበያ ውስጥ ማሽላ የሚሰፈረው በእሷ እጅ ነው፣ ሴቶቹ ሌላ ሰው አያምኑም። አጠገቧ የምትሸጥ አንዲት ሴት «የጎልማሶች ፊደል አስተምሪን ብለን ስንት ዓመት ለመንናት፤ ሠላሳ ስምንት ይጎድለኛል ትላለች። ምን ማለቷ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔን! መልሱን ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም፤ አልመለስኩላትም።

ሐዋ አየችኝና «ቲቸር፣ ሸምግለሃል» አለች። ሳልቀመጥ ሁሉንም ነገርኳት፦ ትእዛዙን፣ ደግሜ ማረሜን፣ ኪሴ ውስጥ የነበረውን ዝርዝር። እስክጨርስ መስፈሪያውን ይዛ ቆመች።

«ያኔ ነው የዋሸኸኝ፣ አሁን?»

«ያኔ።»

«ያኔ በወረቀት ነው የነገርከኝ። አሁን በአፍ ነው» አለች። እውነቷን ነው። ከሱቅ ወረቀት ገዝቼ፣ አግዳሚ ላይ ቁጭ ብዬ «በውጤቱ ላይ ስሕተት ተፈጥሮ ነበር» ብዬ ጽፌ ሰጠኋት። በጣቷ እየተከተለች አነበበችና መለሰችልኝ። «ማነው የፈጠረው?» አለች። ሽማግሌ ሆኜም ያንኑ ሰውዬ ነኝ ለካ! እንደገና ጻፍኩ፦ «ሐዋ አልተሳሳተችም። እኔ አውቄ ዋሸሁ። ምንም አይጎድላትም።» ስሜን ጽፌ ፈረምኩ።

ሁለቴ አነበበችው። አላለቀሰችም፣ አልተሳደበችም። ቢሆንልኝ ብትሰድበኝ በወደድኩ።

«አባቴ ሞቷል» አለች። «ሐኪም የለውም ያልከውን ይዞ ነው የሞተው። ሲሞት ወንድሜን ጠርቶ ‹ሐዋ ጎዶሎ ናት፣ አደራ› አለው። ለአባቴ አሁን ማን ይነግረዋል?»

ሐዋ ስትጠይቅ ለማሳፈር አይደለም፤ መልስ ፈልጋ ነው። መልሱን እስክነግራት ፊቴ ቆማ ጠበቀች። ይቅር በይኝ ልላት ነበር፤ ተውኩት። የጠየቀችኝ እሱን አልነበረም።