ከሰርቪስ ቤት እስከ ሰርቪስ ፌርማታ

እኔ ያደግኩት ሰርቪስ ውስጥ ነው። ይህን ስል ወጣቶቹ የሥራ ባልደረቦቼ ይስቃሉ፤ አውቶቡስ ውስጥ ያደግኩ ይመስላቸዋል። ፎቅ ላይ ተወልዶ ፎቅ ላይ ያደገ ልጅ ሰርቪስ ቤት ምን እንደሆነ ከየት ያውቃል! ጠመንጃ ያዥ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ የቆርቆሮ በር ያለው ሰፊ ግቢ ነበር። ከፊት የአከራያችን ቪላ፣ ከጀርባው ደግሞ በመደዳ የተሠሩ አራት ክፍሎች። አንዱ የቪላው ማድቤት፣ አንዱ የሠራተኛ መኝታ፣ የቀሩት ሁለቱ የእኛ። አዲስ አበባ ሰርቪስ የሚለው እነዚያን የጓሮ ክፍሎች ነው። እንግሊዞቹ ቃሉን ለምን እንደፈጠሩት እነሱ ያውቃሉ፤ እኛ ግን ተቀብለን ቤት ሠራንበት፣ ተከራየንበት፣ ልጅ አሳደግንበት።

አባቴ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ከሰርቪስ ወጥቶ ሰርቪስ ይገባ ነበር። የአንድ መንግሥት መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነበር፤ መሥሪያ ቤቱ ሠራተኞቹን ከየሰፈሩ የሚሰበስብበት አውቶቡስም ስሙ ያው ሰርቪስ ነው። ልጅ ሆኜ ሁለቱ ዘመዳሞች ይመስሉኝ ነበር። አንድ ቀን "አባዬ፣ የእኛ ሰርቪስ ሲያድግ ጎማ ያወጣል?" ብዬ ብጠይቀው ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ከዚያ በኋላ ለሳምንት ያህል ከሥራ ሲገባ በሩ ላይ ቆሞ እናቴን "ጎማው ብቅ አለ?" እያለ ይጠይቃት ነበር። እኔ ተናድጄ አልጋ ሥር እገባለሁ።

ይህ ቃል መቼም ጉደኛ ነው፣ የማይገባበት የለም። እትዬ የምንላቸው አከራያችን ቁምሳጥን ውስጥ ቆልፈው የሚያስቀምጡት ሰርቪስ ሰሃን ነበራቸው፤ ለፋሲካና ለግንቦት ልደታ ካልሆነ ፀሐይ አይነካውም። ትምህርት ቤት የስፖርት አስተማሪያችን መረብ ኳሱን ይሰጡኝና "ሰርቪስ ምቺ!" ይሉኛል፤ እኔ ስመታው ኳሱ የሚሄደው ጣሪያ ላይ ነው። ሰፈራችን ውስጥ ያለው ጋራዥ በር ላይ መኪኖች ተሰልፈው ይቆማሉ፣ ባለቤቶቹ "ሰርቪስ ላስደርግ ነው" ይላሉ። እንግዳ ቤታችን ሲመጣ ደግሞ አባቴን የሚጠይቀው ነገር አንድ ነው፦ "ስንት ዓመት ሰርቪስ ያዝክ?" አባቴ ቁጥሩን ሲናገር ደረቱ ትንሽ ከፍ ይላል። እናቴ ታዲያ "ቤቱም ሰርቪስ፣ መኪናውም ሰርቪስ፣ ዕድሜውም ሰርቪስ፤ ሰውዬው ራሱ የት አለ?" እያለች ትቀልድበት ነበር።

ያ ግቢ ይናፍቀኛል፤ ምን ልዋሽ። ክረምት ሲሆን ጣሪያው ይፈስ ነበር፣ ባልዲ ደርድረን ነው የምንተኛው፣ ግን ይናፍቀኛል። አባቴ መስታወቱን የበሩ መቃን ላይ ሰቅሎ ደጅ ሲላጭ፣ ጉንጩ በሳሙና አረፋ ነጭ ሆኖ ዞር ይልና ያስፈራራኛል። የልደታ ማርያም ቅዳሴ በማይክሮፎን ይሰማል። እሱ ኮቱን ለብሶ፣ የእኔን ደብተር በብብቱ ይዞ፣ እጄን ጎትቶ ይወጣል። ቤተክርስቲያኑ ጋ ስንደርስ ይሳለማል፣ እኔንም አንገቴን ይዞ ያሳልመኛል፣ ከዚያ ፌርማታው ጋ ቆመን ሰርቪሱን እንጠብቃለን። ለአንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል ይመጣል። አባቴ ደብተሬን ሰጥቶኝ ይገባና ከሾፌሩ ጀርባ፣ በሩ አጠገብ ያለችው ወንበር ላይ ይቀመጣል። ስሙ አልተጻፈባትም፤ ግን ሰርቪስ ውስጥ ሁሉም ወንበር ባለቤት አለው፣ ሰው ቢታመም እንኳ ቦታው ላይ ሌላ አይቀመጥም።

እናቴ ያረፈች ዕለት ያ አውቶቡስ ጢም ብሎ ሞልቶ ግቢያችን በር ላይ መጣ። የመሥሪያ ቤቱ ደንብ ነው፤ ሠራተኛ ሐዘን ሲደርስበት ሰርቪሱ ይፈቀዳል፣ ባልደረቦቹ ተሳፍረው ለቅሶ ይደርሳሉ። አባቴ እስከዚያ ድረስ አላለቀሰም ነበር። አውቶቡሱን ሲያይ ነው እንደ ሕፃን የተንሰቀሰቀው። እኔ ያን ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፣ በመኪና ለምን እንደሚለቀስ አልገባኝም።

ከዚያ ሰፈሩ ፈረሰ። ቪላው፣ ሰርቪሱ፣ የቆርቆሮ በሩ፣ ሁሉም። እናቴ በሕይወት ሳለች የተመዘገበችው ዕጣ ወጥቶልን እኔና አባቴ ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ገባን። አባቴ ቤቱን ዞሮ ዞሮ አየና "ጣሪያው ላይ ሰው ይኖራል፣ እንግዲህ አይፈስም" አለ። ፌርማታው ከበፊቱም ቀረበው፣ ያ ብቻ ነበር ያስደሰተው።

ጡረታ የወጣው ሠላሳ ስድስት ዓመት ሰርቪስ ይዞ ነው። ጋቢ አልብሰው፣ ኬክ አስቆርሰው ሸኙት። በማግሥቱ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሥቶ ሲላጭ ሰማሁት። ኮቱን ለብሶ ወጣ።

"አባዬ፣ ዛሬ እኮ ሥራ የለህም።"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ የት ነው?"

"ወረድ ብዬ ልመለስ።"

ወርዶ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተመለሰ፣ ቁርሱን በላ። በማግሥቱም እንዲሁ። በሳምንቱም፣ በወሩም። እኔ አየር እየተቀበለ ነው ብዬ ተውኩት፤ አንዴ እንኳ ቁጭ ብዬ "ምን ልትሠራ ነው የምትወርደው?" ብዬ አልጠየቅኩትም። ጥፋቴ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ቅዳሜ ከታች ፎቅ ያለችው ጎረቤታችን ደረጃው ላይ አገኘችኝና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "አባትሽ ግን ጡረታ ወጥተዋል አላልሽኝም?" አለችኝ።

"ወጥቷል፤ ምነው?"

"ጠዋት ጠዋት ከሰርቪሱ ሾፌር ጋር ሲከራከሩ አያቸዋለሁ። ውሰዱኝ እያሉ ይሆን? እኔማ አሳዘኑኝ፣ የእኛ ጎረምሶች ደግሞ ይስቁባቸዋል።"

ደሜ ፈላ። በማን እንደፈላ ዛሬም አላውቅም፤ በጎረቤቴ፣ በጎረምሶቹ፣ በአባቴ፣ በሁሉም። አባቴ በስተርጅና አውቶቡስ ሲለምን! ሰኞ ጠዋት እሱ ከወጣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ተከትዬው ወረድኩ። ከሩቅ አየሁት። ሰርቪሱ ቆሟል። አባቴ አንድ እግሩን ደረጃው ላይ አድርጎ፣ በአንድ እጁ በሩን ጨብጦ ይዟል። ሾፌሩ "ጋሼ ይልቀቁኝ፣ ረፈደብኝ እኮ!" ይላል፤ አባቴ "አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ በልጆችህ!" እያለ ይለምናል።

በቃ፣ ሌላ ምን ማስረጃ እፈልጋለሁ? ሮጬ ደረስኩ።

"አባዬ ልቀቅ!" አልኩ፤ አልኩ ሳይሆን ጮህኩ። "ጡረታ ወጥተሃል! አንተ ከሌለህ መሥሪያ ቤቱ አይዘጋም!" ወደ ሾፌሩ ዞሬ ደግሞ "አንተም ከነገ ጀምሮ እንዳታቆምለት፤ በሩን ዘግተህ ሂድ፣ መሳቂያ አታድርጉብኝ!" አልኩት።

መስኮቱ ሁሉ ሰው ነበር። ሠላሳ ሰው አባቴን ያያል። እጁ ከበሩ ላይ ቀስ ብሎ ወረደ። በሩ ተዘጋ፣ አውቶቡሱ ሄደ። ከታች በኩል አንዲት ሴት ነጠላዋ እየወደቀ ትሮጥ ነበር፤ እኔ ታክሲ ሊያመልጣት ነው ብዬ ነው ያለፍኳት። አባቴ ሴትዮዋን አየ፣ እኔን አየ፣ ወደ ፎቁ ሄደ።

ሦስት ሳምንት ዝም አለኝ። አኩርፎ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ኩርፊያ ያልፋል። እሱ ግን "ብላ" ስለው ይበላል፣ "ተኛ" ስለው ይተኛል፣ ስጠይቀው "እሺ" ወይም "አዎ" ይላል። ጢሙን መላጨት ተወ። በየወሩ መጀመሪያ የማይቀርባት ልደታ ደርሳ እንኳ ከቤት አልወጣም። ልጅ ሆኜ ሳሙና ቀብቶ ሲያስፈራራኝ የነበረው ፊት ሽበት ብቻ ሆነ። እኔ እናቴን ያስታመምኩ ሰው ነኝ፤ ሰው ከቤት አልወጣም ብሎ ሲጀምር መጨረሻው የት እንደሆነ አውቃለሁ። ይህ ሰው ተመልሶ ከቤት ካልወጣ ይሞትብኛል ብዬ ፈራሁ። ሐኪም ቤት እንሂድ ስለው "እሺ" አለ፤ ያ "እሺ" ጭራሽ አንጀቴን በላው።

እንዲህ እያለ አንድ ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ልሄድ የሜክሲኮ ታክሲ እጠብቃለሁ። ሰርቪሱ መጣ፣ የቆሙትን ጫነ፣ በሩን ዘጋ፣ ተነሣ። ወዲያው ያቺው ሴት ከታች እየሮጠች ደረሰች። ደረቷን ይዛ አለከለከች።

"ኧረ ምነው እኚያ ሰውዬ ቢኖሩልኝ!" አለች ለራሷ።

"የትኛው ሰውዬ?" አልኳት።

"የበፊቱ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ናቸው። እዚህ ቆመው በሩን ይይዙልን ነበር እኮ። እኔ ልጄን እናቴ ቤት አድርሼ ነው የምመጣው፣ ሦስት አራት ደቂቃ ይረፍድብኛል። ሾፌሩን 'አንዴ ጠብቃት፣ ልጇን እያደረሰች ነው' ይሉልኛል። እግራቸውን የሚያማቸው እናት አሉ፣ ለእሳቸውም እንደዚሁ። ሥራ ላይ ሳሉ ከወንበራቸው ሆነው ያስቆሙልን ነበር፤ ጡረታ ሲወጡ ደግሞ እየወረዱ። አንዷ ዋልጌ ልጃቸው መጥታ በሰው ፊት አዋርዳቸው ይኸው ቀሩ። በዚህ ወር ብቻ ስንቴ እንዳመለጠኝ!"

ዋልጌዋ ልጅ እኔ ነኝ ለማለት አፌ አልታዘዘልኝም። ታክሲው መጣ፣ አብረን ገባን፣ እስከ ሜክሲኮ ድረስ ስለ ገዛ አባቴ ከማላውቃት ሴት ሰማሁ። ያን ቀን ሥራ ገባሁ እንጂ ምን እንደሠራሁ አላውቅም።

ማታ ሶፋው ላይ እንደተቀመጠ እግሩ ሥር በርከክ ብዬ ጉልበቱን ያዝኩ።

"አባዬ፣ አጥፍቻለሁ። የምትለምን መስሎኝ ነው።"

ዓይኑን ወለሉ ላይ እንደተከለ ነው።

"ዛሬ ያቺ ልጇን የምታደርሰው ሴት ቀረች።"

ቀና አለ። "አመለጣት?"

"አመለጣት።"

"ሰኞ ሰኞ ይብስባታል፤ ልጁ አልለይም ይላል" አለ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ይህን ያህል አልተናገረም ነበር። እኔ ደስ ብሎኝ "በቃ ነገ ትወርዳለሃ!" አልኩ።

"አልወርድም።"

"ለምን? ይቅርታ ጠየቅኩህ እኮ!"

"በሠላሳ ሰው ፊት የተናገርሽውን ሳሎን ውስጥ ታነሺዋለሽ?"

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። በቅቤ ባይታሽም፣ ሕመሙ የት ላይ እንደሆነ አባቴ ነገረኝ።

በማግሥቱ አብረን ወረድን። እኔ ሌሊቱን ስገላበጥ ነው ያደርኩት፤ እሱ ጢሙን ተላጭቷል። ሰርቪሱ መጥቶ ሰዉ ገብቶ ሲያልቅ ደረጃው ላይ ወጣሁ። ሾፌሩ ሲያየኝ "ደግሞ ምን ልትይ ነው?" የሚል ፊት አሳየኝ።

"ባለፈው እዚህ ቆሜ አባቴን ያዋረድኩት እኔ ነኝ" አልኩ። "ምን እንደሚሠራ ሳላውቅ፣ ሳልጠይቀው ነው። እሱን በእናንተ ፊት ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። እናንተንም እንደዚሁ።"

ሁለተኛው ወንበር ላይ የተቀመጡ እናት፣ እግራቸውን ዘርግተው፣ "ይቅር ለእግዜር ብለናል፤ ውረጂ እንግዲህ፣ ረፈደ" አሉ። ከኋላዬ ትንፋሽ ሰማሁ፤ ያቺ ሴት ሮጣ ደርሳለች። ይቅርታዬ ረዝሞ እሷን ጠብቋታል። ማንነቴን ስታውቅ አፏን በነጠላዋ ይዛ፣ በአጠገቤ አልፋ ገባች። ወረድኩ።

ሾፌሩ አንገቱን አስግጎ አባቴን አየው። "ጋሼ፣ የቀረ ሰው አለ?" ብሎ ጠየቀው።

አባቴ አልቸኮለም። ወደ ላይ፣ ወደ ልደታ ማርያም አየ። ወደ ታች፣ ወደ ጠመንጃ ያዥ አየ። ሠላሳ ሰው ጠበቀው።

"የለም። ሂድ።"

አውቶቡሱ ሄደ፣ እኔና እሱ ብቻችንን ቆመን ቀረን። ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም፤ እንባዬ ይወርድ ነበር። እጁን ሰዶ የተጣጠፈውን የኮቴን ኮሌታ አስተካከለልኝ።

"አንቺም ሂጂ" አለኝ፤ "ሥራ ይረፍድብሻል።"