ጌዶ ላይ ያየናት ቀጭን ብርሃን

በደርግ ጊዜ አምቦ ጂኦግራፊ ሳስተምር ከአንዲት የፊዚክስ መምህርት ጋር ቤት ተከራይተን አብረን እንኖር ነበር። እሷ ዘንድ አንድ ትልቅ የቴሌስኮፕ መስተዋት አለ። ወደ አገሩ የተመለሰ የውጭ አገር መምህር ከነሌንሶቹ ትቶላት የሄደ ነው፤ ስፋቱ ትሪ ያህላል፣ ክብደቱ ደግሞ አይጣል ነው። በብርድ ልብስ ጠቅልላ አልጋዋ ሥር ታስቀምጠዋለች። አንድ ቅዳሜ አውጥታ ስታሳየኝ፣ አልጋ ሥር ምን ሰማይ አለና ነው እዚያ ያስተኛሽው አልኳት። ሥራው በዚያው ተጀመረ።

ቱቦውን ቆርቆሮ ሠሪ ጠቀለለልን። ስንት ኩንታል እህል እንደሚይዝ ጠየቀን፤ ኮከብ ነው የምንከትበት ስንለው ሥራውን አቁሞ ሁለታችንንም ተራ በተራ አየን። መቆሚያውን አናጢ ሠራው፤ የቱቦውን ውስጥ እኛው ጥቁር ቀለም ቀባነው። ለሳምንት ያህል ጥፍራችን ጥቁር ሆኖ አስተማርን።

በግቢያችን ጨረቃን አየን። ጓደኛዬ የምትመኘው ግን ጨረቃን አልነበረም፤ እንደ ጭስ የሳሱትን፣ የሩቆቹን ጋላክሲዎች ነበር። አምቦ ውስጥ የመንገዱ መብራት አላሳይ አለን፤ ከግቢ ወጥተን ጨለማ እንዳንፈልግ ደግሞ ሰዓት እላፊ አለ። ስለዚህ በኅዳር፣ ሰማዩ ጥርት ሲል፣ ጌዶ አጠገብ ወደሚኖሩት የእናቷ ወንድም ዘንድ ሄድን። ቱቦው በጭነት መኪና ላይ ከእህል ጆንያ ጋር ተጫነ። መስተዋቱን ግን እኔ ጋቢና ውስጥ እንደ ሕፃን ታቅፌው ሄድኩ፤ መኪናው በዘለለ ቁጥር ሾፌሩን በዓይኔ እቆጣው ነበር።

አጎትዬው ረጋ ያሉ ገበሬ ናቸው። እሷ በኦሮምኛው "ኤሱማ" ትላቸዋለች፤ እኔም ተከትያት ኤሱማ አልኳቸው። እንደመሸ ቴሌስኮፑን ከበረቱ ጀርባ ተከልነው። የምንፈልገው ምን እንደሆነ ሲጠይቁን፣ ምድር ላይ ገና ሰው ሳይኖር ብርሃኗ ጉዞ የጀመረ አንዲት ጋላክሲ መሆኗን ነገረቻቸው። ትንሽ አሰቡና፣

"ታዲያ እስከ ዛሬ እዚያው መኖሯን በምን አወቃችሁ?" አሉ።

ጓደኛዬ የሰማዩን ካርታ ዘረጋች።

በቀይ ጨርቅ በሸፈንነው ባትሪ ካርታውን እያየን ፈለግን። ጋላክሲዋ በጎኗ የዞረች ስለሆነች እንደ ክር ቀጭን ትሆናለች ይላል። ምንም የለም። አንገታችን ደነዘዘ፣ እግራችን በብርድ ደረቀ። ጓደኛዬ ካርታውን አጥፋ መልሳ ትዘረጋለች፤ እንዲህ ስታደርግ ሊከፋት እንደሆነ አውቃለሁ። ተራው የእኔ ሆኖ ጎንበስ እንዳልኩ ኤሱማ ሻይ ይምጣ ወይ ብለው ጠየቁኝ። ዓይኔን ከሌንሱ ሳላነሳ ወደ እሳቸው ገልመጥ ስል፣ በዓይኔ ጥግ አንዲት የገረጣች መስመር አየሁ። ቀጥ ብዬ ሳያት ጠፋች። ገልመጥ ስል ተመለሰች።

"ቀጥ ብለሽ አትያት፤ እንዳላየ ሰው ሁኚ" አልኳት ጓደኛዬን።

ጎንበስ አለች። ቆየች። ከዚያ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ የምታለቅስ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ ለካ ሳቅ ነው። እኔንም ያዘኝ። እጅ ለእጅ ተያይዘን በሰው በረት ጓሮ፣ በእበቱ ላይ፣ እንደ ልጅ ዘለልን። የጓደኛዬ አንድ ጫማ የት እንደገባ የታወቀው በማግስቱ ነው።

ኤሱማ መጀመሪያ በይሉኝታ አየሁ አሉ። ገልመጥ ማለቱን ስናስተምራቸው ግን ከሌንሱ አልላቀቅ አሉ። ሳቃችንን ሰምተው ጎረቤቶች መጡ፤ ቀጥሎ የገበሬ ማኅበሩ ጥበቃ ጠመንጃውን አንግቶ መጣ። ቱቦውን ሲያይ ቆም አለ፤ መድፍ መስሎታል። ኤሱማ በኦሮምኛ አንድ ነገር አሉትና ጠመንጃውን ለሚስታቸው ሰጥቶ ጎንበስ አለ። እሱም አያት። ከዚያ ወረፋው መጨረሻ ሄዶ እንደገና ተሰለፈ።

ሰኞ ክፍል ስገባ ድምፄ ተዘግቶ ነበር። ተማሪዎቹ ጉንፋን ነው ብለው አዘኑልኝ። ጠመኔ አንስቼ የዝናብ ወራትን ሰሌዳው ላይ መጻፍ ጀመርኩ፤ በመስኮቱ ማዶ፣ በሌላው ክፍል፣ ጓደኛዬ ለተማሪዎቿ ጀርባዋን ሰጥታ ብቻዋን ትስቃለች።