በወንድሜ አርባ የዋጥኩት ክኒን

ከአንኮበር የመጣችው አክስቴ ዛሬ በወንድሜ አርባ የድብርት ክኒኔን ከደብተር ቦርሳዬ አውጥታ ለሰው ሁሉ አሳየች።

«ገና ተማሪ ሆነህ ምን ክኒን ትቅማለህ? ሐዘን ነው፣ ያልፋል። ይልቅ ጸበል ጠጣ!»

(እሷ የደም ግፊት ክኒኗን አንድ ቀን አታሳልፍም።)

ወንድሜም ድብርት ነበረበት። ከጸበል ጋር አይሄድም ብለን መድኃኒቱን አስተውነው። እኔም አብሬ ብያለሁ። በሦስተኛው ወር አጣነው።

እናቴ ከተቀመጠችበት ተነሳች። አክስቴ ካመጣችው ጸበል በብርጭቆ ቀዳች፤ ክኒኑንም ተቀበለቻትና «በል ልጄ፣ በዚሁ ዋጠው» አለችኝ።

ዋጥኩት።

እናንተንስ «መድኃኒቱን ተዉ» ሲሏችሁ ማን ቆመላችሁ? ጻፉልኝ፤ ለእናቴ አነብላታለሁ።