ተራውን የሚሰጥ ሰው

ገዲሴ ነፋስ ስልክ ባለች አንዲት ጤና ጣቢያ ካርድ የምታወጣ ልጅ ናት። ሰውየውን ስታየው ዛሬ ሦስተኛ ቀኗ ነው። ካኪ ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ አግዳሚው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጦ መሐረብ ውስጥ ያስላል። ደረቱ ላይ ዓርማ የተነቀለበት ቦታ ከሌላው ጨርቅ ይልቅ ደመቅ ብሏል። ቁጥሩ ሲጠራ ከአጠገቡ ያለውን ሰው «አንተ ግባ» ይላል።

«አባባ፣ ዛሬም ሳይታዩ ሊቀሩ ነው እኮ፤ ለምን አይገቡም?» አለችው።

«በደርግ ጊዜ ‹አብሮ መድረስ› የሚባል ትምህርት አስተምር ነበር» አለ፣ ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወራ ሁሉ። «ሕዝብ እኩል ይራመዳል፣ ማንም ማንንም አይቀድምም እንል ነበር። በእኛ ቀበሌ ‹ቀድመዋል› የተባሉትን ልጆች ስም ጽፌ የማስረክበው እኔ ነበርኩ።»

«ከዚያስ?»

«ወሰዷቸው።»

ገዲሴ ጠረጴዛው ላይ የቀሩትን ካርዶች ሰበሰበች። ሐኪሙ ጋዋኑን አውልቆ ወጣ።

«ለነገ አንደኛ አድርጌ ልጻፍዎት?»

«የለም ልጄ፣ የመጨረሻውን ስጪኝ።»

በቀን የሚታየው አርባ ሰው ነው። አርባ ብላ ጻፈችለት። ካርዱን ተቀበለና ኮሪደሩ ባዶ እስኪሆን ቆሞ ጠብቆ ወጣ።