እንዳይሸጥ የተሰፋ ብርድ ልብስ

አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ እጇ ወርቅ ነው፣ ሰው ማመን ግን አልፈጠረባትም። ሱሪ ለማሳጠር የመጣውን ደንበኛ «የራስህ ነው?» ብላ ትጠይቃለች። ባሏ በሕይወት ሳለ ዘግይቶ ከገባ ጠብ ነበር፤ ቀደም ብሎ ከገባ ደግሞ የባሰ ጠብ። ምስኪኑ በሰዓቱ መግባት ሲጀምር እሱም አላማራትም። ለሚመክራት ሁሉ መልሷ አንድ ነው፦ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ።»

በዚያ ዓመት ብርዱ አጥንት ድረስ ሲገባ የቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች ደጅ ለሚያድሩ ሰዎች ብርድ ልብስ ለማደል ተሰበሰቡ። ቄሱ «ለእነሱ የምናደርገው ለጌታ ነው» ሲሉ ሁላችንም አሜን አልን። አክስቴም አሜን ካለች በኋላ፣ «አባ፣ ጌታ እኮ ብርድ ልብሱን ገበያ አውጥቶ አይሸጥም» አለች። ከዚያም ሐሳቧን አቀረበች፦ በየብርድ ልብሱ መሐል ለመሐል አንድ ጋት ስፋት ያለው ቀይ ጨርቅ ከተሰፋበት ማንም አይገዛውም። ሐሳቡ ተወደደላት። እኔ ቀዩን እየቆረጥኩ፣ እሷ የስፌት መኪናዋን እየረገጠች ሁሉንም ጨረስን። እንደዚያ ሰሞን ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም።

ከታደሉት አንዷ ሻንጣዋን እየጎተተች በሱቃችን ደጅ የምታልፍ፣ እኛም ባለሻንጣዋ የምንላት ሴት ነበረች። ብርድ ልብሱን የሰጠናት በገዛ እጃችን ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በስስ ሹራብ እየተንቀጠቀጠች ስታልፍ አክስቴ መቀሷን ወረወረች።

«አየሽ? ሸጠችው!»

«እቴቴ፣ እንዳይሸጥ ያደረግሽው አንቺ አይደለሽ እንዴ?»

«ሌባ ገዢ አያጣም!» ብላ ኮቷን ደረበች። ሰው ፊት እንዳታዋርዳት ፈርቼ ተከተልኳት።

ያገኘናት መናኸሪያው ውስጥ፣ ተሳፋሪዎች በሚያርፉበት አዳራሽ ነው። ፀጉሯን አበጥራ፣ ሻንጣዋን ጉልበቷ መሐል አቁማ፣ አውቶቡስ የዘገየባት መንገደኛ መስላ ተቀምጣለች። አዳራሹ ይሞቃል።

«ብርድ ልብሱስ?» አለች አክስቴ ፊት ለፊቷ ቆማ።

«በእናትዎ፣ ቀስ ብለው ይናገሩ።»

«ምን ተደብቆ! ሸጥሽው አይደል?»

መልስ አልጠበቀችም። ጎንበስ ብላ የሻንጣውን ዚፕ ከፈተችው። ውስጡ የእኛ ብርድ ልብስ ብቻ ነበር፣ በሥርዓት ታጥፎ። አክስቴ ስትስበው ተዘረጋና ቀዩ ጨርቅ ለሰው ሁሉ ታየ።

የበሩ ጥበቃ ወዲያው መጣ። «እናቴ፣ እርስዎም ከባለቀዮቹ ነዎት? እኔ እኮ ተሳፋሪ መስለውኝ ነው!» አላት ሴትዮዋን። ወደ እኛ ዞሮም፣ «ይህ ቀይ ከመጣ ወዲህ ሥራዬ ቀለለ። ድሮ መንገደኛውን ከአዳሪው መለየት አቅቶኝ ዝም እል ነበር» አለ። ክፋት የለውም፤ የታዘዘውን ነው የሚሠራው። «እዚህ ማደር ክልክል ነው፤ ይውጡ።»

ሴትዮዋ ብርድ ልብሷን ማጠፍ ጀመረች። ከብርዱ ተጠልላ የምታድርበት ቦታ ይህ እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። አክስቴም ገብቷት ክው አለች።

«እህቴ ናት!» ብላ ጮኸች። «አብረን ነው የምንሳፈረው!»

«ትኬት?» አለ ጥበቃው።

ትኬት ከየት ይምጣ? ሦስታችንንም አስወጣን።

ውጭ ነፋሱ ፊት ይገርፋል። አክስቴ «ምነው አፌን በቆረጠው! ምነው እጄን በቆረጠው!» እያለች ሴትዮዋን ይዛ ወደ ሱቋ ተመለሰች። ኮቷን ሳታወልቅ ምላጭ አንሥታ ስፌቱን መፍታት ያዘች። እንዳይቀደድ ብላ ደርባ ደራርባ የሰፋችው ነውና በቀላሉ እሺ አላላትም። «ነገ የሁሉንም እየዞርኩ እፈታለሁ» አለች፣ እንባዋ እየወረደ።

«ለሌሎቹ ይጠቅማቸው ይሆናል» አለች ሴትዮዋ። «እኔን ግን ጥበቃው ከእንግዲህ በመልኬ ያውቀኛል።»

አክስቴ ምላጩን አስቀመጠች። ከሱቁ ጀርባ መኝታ ቤቷ አለ፤ እኔ እንኳ ሳላንኳኳ የማልገባበት ክፍል ነው። ተነሥታ በሩን ከፈተችው።

«ግቢ። እዚህ ታድሪያለሽ።»

ሴትዮዋ አልተንቀሳቀሰችም። የሻንጣዋን እጀታ ጠበቅ አድርጋ ይዛ አልጋውን አየች፣ መስኮቱን አየች፣ በመጨረሻ አክስቴን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት።

«ምን ፈልገው ነው?» አለቻት።

አክስቴ በሩን እንደከፈተች ቆማ ቀረች።