አባቴን ያመሰገነው መጽሐፍ

ባለፈው ጥቅምት የልጅ ልጄ ሔራን ከትምህርት ቤት ተመልሳ ጎመን ከድስቱ ቆንጥራ ልትጎርስ ስትል እጇ ሸተተኝ። ይዤ ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። ሳሙና ሳሙና ይላል፣ ከሳሙናው ሥር ግን ዓይን የሚያቃጥልና ጉሮሮ የሚይዝ ሌላ ሽታ አለ። «እማዬ፣ ዛሬ ባዮሎጂ ክላስ እንቁራሪት ነው የቀደድነው፣ ሶ ግሮስ!» ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው ወጥ ቤታችን ውስጥ ቆሜ፣ ሃምሳ ዓመት ያላሸተትሁትን ነገር አሸተትሁ። ፎርማሊን ይባላል። ስሙን የተማርሁት ሀ ሁን ሳልቆጥር ነው።

ያደግሁበት ቤት ከጣና በስተ ምሥራቅ፣ አንድ ወንዝ ወደ ሐይቁ ከሚገባበት አጠገብ ነበር። አባቴ ውበቱ ዓሣ አጥማጅ ነበር፣ በበጋ ከታንኳው አይወርድም ነበር። ታንኳ የሚታሰረው በውሃው ዳር ከሚበቅለው ደንገል ስለሆነ ጥቂት ወር ሠርቶ ውሃ ሲጠጣ ይበሰብሳል፣ አዲስ ማሰር ደግሞ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም፤ አንዱ ደንገሉን ሲደረድር ሌላው በጉልበቱ እየተጫነ፣ ሌላው ገመዱን እየሳበ፣ እየተሳደቡና እየተሳሳቁ ይውሉ ነበር። ስለዚህ በእኛ አገር ጎረቤት የሌለው ሰው ታንኳ የለውም።

ክረምት ሲገባ ግን ሁሉም ታንኳውን ከውሃ ያወጣ ነበር። የመጀመሪያው ደራሽ ውሃ ወንዙን ሲያደፈርሰው ዓሣው ከሐይቁ ወጥቶ ወንዙን ሽቅብ እየዋኘ፣ ከመንደራችን በላይ ካለው ጠጠራማ ጥምዝ ላይ ደርሶ እንቁላሉን ይጥላል። ያን ቦታ አራስ ቤት እንለው ነበር። «ዓሣው አራስ ነው» ከተባለ ጀምሮ እስከ መስከረም ድረስ መንጠቆ የሚጥል፣ ዓሣ የሚያሰክረውን ብርብራ ወቅጦ ውሃ ውስጥ የሚበትን አይገኝም፤ እኛ ልጆች ጠጠር እንኳ ብንወረውር የማንም እናት መጥታ ትገርፈን ነበር። ቦታውን ለባዕድ ማሳየትም ነውር ነበር። ይህ ሕግ የትም አልተጻፈም፣ የሚጠብቀው ዘበኛም አልነበረም፤ ግን ይጠበቅ ነበር።

በአንድ በጋ፣ ከጥምቀት በኋላ፣ በጃንሆይ መንግሥት ሐይቁን ሊያጠኑ ተልከው የመጡ ሰዎች ከዋርካው ሥር ድንኳን ተከሉ። አለቃቸው ረጅም ፈረንጅ ነበር፣ ዶክተር ይሉታል። ከእርሱ ጋር በመዶሻ ድንጋይ እየሰበረ በከረጢት የሚያጭቅ አንድ ሰው፣ በመነጽር ጉማሬ እየቆጠረ የሚውል ሌላ ሰው ነበሩ፤ እናቴ «ጉማሬ ቆጥሮ ደመወዝ መብላት! እኔ ዶሮዎቼን በነጻ ነው የምቆጥረው» እያለች ጎረቤት ታስቅ ነበር። በውሃው ዳር ነጭና ቀይ የተቀባ እንጨት ተክለው የሐይቁን ቁመት በየጠዋቱ ያነቡ ነበር። ከሁሉ የገረመን ግን ዓሣው ነበር። ከአባቴ ላይ ገዝተው ርዝመቱን ይለካሉ፣ ሆዱን ቀድደው ያያሉ፣ ከዚያ ያ ሽታ ያለው ውሃ የሞላበት ጠርሙስ ውስጥ ይከቱታል። «አይበላ፣ አይቀበር፣ ምን ይሉታል ይህን?» ትል ነበር እናቴ።

አስተርጓሚያቸው ይልማ የሚባል የከተማ ወጣት ነበር። ሠላሳ ዓመት አልሞላውም፣ ጋሼ ይልማ እለው ነበር። ማታ ማታ ቤታችን መጥቶ ከአባቴ ጋር በአንድ ገበታ ይበላል፣ አባቴን «አያ ውበቱ» እያለ ያጫውተዋል። የጠርሙሶቹን ወረቀት እየለጠፍሁ ስለማግዘው እኔን ፊደል ያስቆጥረኝ ነበር። ሴት ልጅ ፊደል ስትቆጥር በመንደራችን የመጀመሪያዋ እኔ ሳልሆን አልቀርም፤ እንደ እርሱ ያለ ሰው በዓለም ያለ አይመስለኝም ነበር። አባቴ ሐይቁን ሁሉ በታንኳ እየወሰደ አሳያቸው፤ አምባዛ የሚባለው ዓሣ የት እንደሚተኛ፣ ቆረሶ የሚባለው የት እንደሚውል፣ አንድ አልደበቀም። አራስ ቤትን ግን አላነሳም። ዶክተሩ በይልማ በኩል «ይህ ዓሣ የሚራባው የት ነው?» ብሎ ሲጠይቀው፣ አባቴ «እግዜር ያውቃል» ብሎ መረቡን መጠገን ይቀጥል ነበር።

ክረምቱ ሲገባ አብዛኞቹ ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ፣ ዶክተሩና ይልማ ቀሩ። ሐምሌ ላይ አባቴ ለለቅሶ ወንዝ ማዶ ተሻግሮ ውሃው ሞልቶ ሦስት ቀን ያዘው። ይልማ በሁለተኛው ቀን ደጃችን ላይ ተቀምጦ ፊደል ካስነበበኝ በኋላ፣ «የሺ፣ አራስ የሚባለው ዓሣ የት ነው የሚሄደው?» አለኝ። ፊደሌን ማንበቤን ቀጠልሁ።

«እኔ ልበላው ነው እንዴ? ስሚኝ እስቲ። ዛሬ እናንተ ትጠብቁታላችሁ። ነገ ባለጉልበት መጥቶ ቢያጠምደው ማን ይከለክለዋል? መንግሥት ቦታውን ካወቀው ግን በአዋጅ ይከለክላል፤ ማንም ደርሶ አይነካውም።»

«ማሉልኝ» አልሁት።

«እናቴን!» አለ።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ ፍትሕ የሚባለውን ነገር ያኔም እወደው ነበር፤ የመንደራችንን ሕግ መንግሥት ሲያጸናው ታየኝ። በማግስቱ ማለዳ ይልማንና ዶክተሩን በጭቃው አስከትዬ ወሰድኋቸው። መንገድ ላይ ይልማን የግራር እሾህ ወግቶት በጥርሴ ነቅዬለታለሁ። ስንደርስ ዓሣው ጠጠሩ ላይ ጀርባው ከውሃ ወጥቶ እየተጋፋ ነበር። ዶክተሩ ቆቡን አወለቀ። አራት ብቻ ወሰዱ፣ ውሃውን ለኩ፣ ቀኑን ጻፉ። እኔም ለአባቴ ሳልነግር ቀረሁ፤ አዋጁ ሲነገር ራሱ ይደሰታል ብዬ ጠበቅሁ።

ሁለት ክረምት አለፈ። በሦስተኛው፣ ደራሽ ውሃ ሊመጣ ሲል፣ አንድ ነጋዴ በሞተር ጀልባ ማኅተም ያለው ወረቀት ይዞ መጣና የወንዙን አፍ ከዳር እስከ ዳር በናይለን መረብ ዘጋው። ዓሣው ከነእንቁላሉ ወጣ። በጆንያ፣ በበርሜል ወጣ፤ የቀረው ዳር ላይ ሸተተ። ሴቶች እንደ ሞተ ሰው አለቀሱለት። የመንደሩ አጥማጆች ተሰብስበው «ይህን ወርና ይህን ቦታ ማን ነገረህ?» ሲሉት፣ ነጋዴው ጸሐፊውን ጠራና የእነ ዶክተሩን ጥናት የአማርኛ መጽሐፍ አስነበበ። ዓሣው የሚሰበሰብበት ሳምንት፣ የወንዙ ጥምዝ፣ የጠጠሩ ስፋት፣ ሁሉ ተጽፏል። መጨረሻ ላይ፣ «ይህን ቦታ መርተው በማሳየት ለረዱን ለአቶ ውበቱ ምስጋናችን የላቀ ነው» ይላል።

በማግስቱ ዋርካው ሥር ጉባኤ ሆነ። አባቴ ተነሥቶ «ለማንም አላሳየሁም፣ መስቀል አምጡና ልማል» አለ። ከአጥማጆቹ ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት ሽማግሌ፣ «ውበቱ፣ መጽሐፍ ስምህን ጠርቷል። አንተ ካላሳየህ ማን አሳየ?» አሉት። አባቴ ሊመልስ አፉን ከፍቶ፣ በሰው መሀል ዞር ዞር ብሎ ሲያይ ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ። በእናቴ ነጠላ ውስጥ ተሸሽጌ ነበር። አፉን ዘጋ። መስቀሉ ሲመጣለት አልማለም፤ ተቀመጠ።

ማንም አልመታውም፣ ማንም አልሰደበውም። ታንኳው በሰበሰ ጊዜ ግን ገመድ የሚስብለት ሰው አልመጣም። ደንገሉን ደጃችን ላይ ቆልሎ ብቻውን ሊያስር ሲታገል ሁለት ቀን አየሁት። በሦስተኛው ቀን ደንገሉን ለማገዶ ሰጠን፣ ከመስቀል በኋላም ከሐይቁ ርቀን ሄደን የሰው መሬት አራሽ ሆነ። እስኪሞት ስለዚያ ቀን ቃል አልተናገረኝም። በፊት ያደርግ እንደነበረው ግን አናቴን ዳብሶኝ አያውቅም።

ያ ሽታ በሔራን እጅ ላይ በመጣ በወሩ አካባቢ፣ እኔ፣ ልጄና ሔራን አሌክሳንድሪያ ክርስትና ተጠርተን ሄድን። የሕንፃው ፓርቲ ሩም በሰው ተሞልቷል፤ ከዘራ የያዙ አንድ ሽማግሌ ከጎልማሳ ልጃቸው አጠገብ ተቀምጠው ያወራሉ። «በጃንሆይ ጊዜ እኮ ሥራ ይሠራ ነበር! ጣና ላይ ስንት ዓሣ መዝግበናል፣ ውሃ ለክተናል፣ ጉማሬ ቆጥረናል።»

አንድ ባለታክሲ ወጣት «ጋሼ፣ ጉማሬው ሲቆጠር ወረፋ ይዞ ይቆማል እንዴ?» ሲል ቤቱ ሳቀ። ሽማግሌውም ሳቁና፣ «አንድ አጥማጅ ነበር፣ አያ ውበቱ የሚባል ወርቅ ሰው» አሉ፤ «በመንግሥት መጽሐፍ ስሙን ያሳተምሁለት እኔ ነኝ። ያኔ ለባላገር እንዲህ ያለ ክብር ማን ይሰጥ ነበር?»

ሳህኔን አስቀመጥሁ። «ቦታውን ያሳየህ እርሱ ነው?» አልሁት። አንተ በማለቴ ልጄ ክንዴን ቆነጠጠችኝ።

«እርሱ ነው እንጂ። ማን ልበል?»

«እሾህህን በጥርሷ የነቀለችልህ ነኝ።»

ይልማ ከዘራውን ተመርኩዞ ተነሣ። «የሺ? ፊደል ያስቆጠርሁሽ?» ብሎ ሊስመኝ እጁን ዘረጋ። አልተነሣሁለትም። እጁ እንደተዘረጋ ቆየና ተመልሶ ተቀመጠ፣ ድምፁንም ዝቅ አድርጎ፣ «ልጅ ነበርሽ እኮ። ‹የዘጠኝ ዓመት ልጅ አሳየችን› ተብሎ በመንግሥት ጥናት አይጻፍም። የታወቀ ሰው ስም ያስፈልግ ነበር። ደግሞ ምስጋና ነው፣ ክስ አይደለም» አለኝ።

«ምስጋናችሁ አባቴን ከአገሩ ነቀለው።»

«አልሰማሁም።»

«አልጠየቅህም። አዋጅ ይወጣል ብለህም በእናትህ ምለህልኛል።»

«ያንን የወሰኑት በላይ ያሉት ናቸው፤ እኔ አስተርጓሚ ነበርሁ።»

«እንግዲያው ዛሬም አስተርጉም። ተነሥና ያሳየኝ ውበቱ አይደለም በል፤ እዚህ፣ ሰው ፊት።»

ሰዉን አየ። ከአጠገቡ የተቀመጠው ልጁ ሰዓቱን አየ። «ከሃምሳ ዓመት በኋላ? እዚህ ማን ያውቀዋል ብለሽ ነው?» አለኝ። የደጋሹ እናት «እኅቴ፣ የደስታ ቀን ነው፣ ይለፍ» አሉኝ። እኔ ግን ተነሣሁ። አባቴ ማንንም እንዳልመራ፣ የመራሁት እኔ እንደሆንሁ፣ መጽሐፉ ሐሰት እንደጻፈ፣ ዋርካው ሥርም በእኔ ፈንታ አባቴ እንደተፈረደበት ለክፍሉ ሁሉ ተናገርሁ። ልጄ መሬት መሬት ታይ ነበር።

ቤልትዌይ በሚሉት አውራ ጎዳና ወደ ቤት ስንመለስ ሔራን ከኋላ ወንበር፣ «ባት እማዬ፣ ያኔ፣ ዛፉ ሥር፣ ለምንድነው ሳይለንት የሆንሽው?» ብላ ጠየቀችኝ። በሱቅ ወረፋ የሚቀድመኝን ሰው የማልምር፣ የቤት ኪራይ ጽሕፈት ቤቱን ለጎረቤቴ ስሟገት የምውል ሴት ነኝ፤ ለእርሷ ግን «ፈርቼ» ብቻ አልኋት። ይልማ ከዳኝ፤ ይህን አልተውለትም። አባቴን ግን ሁለት ሰው ነው የከዳው፣ አንዷ ከእርሱ በአራት እርምጃ ርቀት ከእናቷ ነጠላ ሥር ቆማ ነበር።

አሁን አንዳንዴ ሁለቱን ጉባኤ አስተያያለሁ። ያኔ ዋርካው ሥር የተሰበሰቡት አባቴን ከልጅነቱ ያውቁት ነበር፣ ከእርሱ ጋር ገመድ ስበዋል፣ ልጆቹን ክርስትና አንሥተዋል፤ የሰሙት ግን ሐሰቱን ነበር። አሌክሳንድሪያ ያሉት እውነቱን ሰሙ፣ አንዳንዶቹም ወጥተው እጄን ጨበጡኝ። ከእነርሱ አንዱ እንኳ አባቴን አያውቀውም።