አልጋ ላይ የተሰፋ ገና

ሁለት ጊዜ ጽንስ ከወረደብኝ በኋላ ሦስተኛውን ስፀንስ ሐኪሙ የማህፀኔን አፍ በክር ሰፋው። ሲጨርስ እጁን እየታጠበ፣ ወደ እኔ ሳይዞር፣ "ከእንግዲህ እስክትወልጂ ከአልጋ አትወርጂም" አለኝ።

"ሽንት ቤትስ?" አልኩት።

"ፖፖ የሚባል ነገር አለ።"

ባለቤቴ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ወሩ ኅዳር ነበር፤ ዘመኑም በእኛ አቆጣጠር የዘጠናዎቹ መጀመሪያ። የምንኖረው ካዛንቺስ፣ ከአንድ መጠጥ ቤት ጀርባ ባለ ግቢ ውስጥ፣ በአንዲት የቀበሌ ክፍል ነው። አልጋው የክፍሉን እኩሌታ ይዞ ከመስኮቱ ሥር ተዘርግቷል። መስኮቱ የብረት ፍርግርግ አለው፤ ከፍርግርጉ ማዶ አንድ ሰው ብቻ የሚያሳልፍ መተላለፊያ፣ ከዚያ የቆርቆሮ አጥር፣ ከአጥሩ በላይ ደግሞ መቀነት የምታህል ሰማይ። ተኝቼ የማየው ይኸው ነው። ከዚያ በፊት ታይፒስት ነበርኩ፤ ቢሮዬ ሩቅ ስላልነበር ታክሲ እየተጋፋሁ ከመሳፈር በእግሬ መሄድ እመርጣለሁ። ፈጣን እግር ነበረኝ። የሥራ ባልደረቦቼ አብረውኝ ምሳ ለመውጣት ይሰለቹ ነበር፤ "አንቺ ስትሄጂ እኛ እንሮጣለን" ይሉኛል።

ባለቤቴ የሆቴል አስተናጋጅ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ የለም። ስለዚህ እናቱ ከጎንደር መጡ። ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ፣ ንግግራቸው አጭር የሆነ ሴት ናቸው። ከሻንጣቸው ይልቅ ባዘቶና እንዝርት የያዘው ሙዳያቸው ይከብድ ነበር። ገና ነጠላቸውን ሳያወልቁ፣

"አንቺ ተኚ። የቀረው የእኔ ነው" አሉኝ።

እንደ ቃላቸውም የቀረው ሁሉ የእሳቸው ሆነ። ያጥቡኛል፣ ያበሉኛል፣ ፖፖውን ያለ አንዲት ቃል ይዘው ይወጣሉ። በክርኔ ተደግፌ ቀና ልል ስሞክር "ተይ" ይላሉ። በጎኔ ልገለበጥ ስል "ቀስ" ይላሉ። ማታ መሬት ላይ ፍራሽ አንጥፈው ይተኛሉ፤ ስንቀሳቀስ አልጋው ድምፅ ካሰማ ከታች "ምነው?" ይላሉ። እንዲህ ያለውን ሰው መጥላት አይቻልም። አንዳንድ ቀን ግን ብጠላቸው እንዴት በቀለለኝ እላለሁ። በውለታም ሰው ይታሰራል፤ ያንን እሥራት ደግሞ ለማንም አቤት አይሉትም።

ከእኛ ክፍል ቀጥሎ ያለችው ጎረቤቴ የወሎ ልጅ ናት። ባሏ ልብስ ሰፊ ነው፤ መንገድ ዳር በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ ይሠራል። እሷም ቤት ውስጥ ቁልፍ ትተክልለታለች፣ ጠርዝ ታጥፍለታለች። በዕድሜ ከእኔ ትንሽ ከፍ ብትልም አንቺ እንባባላለን። ከእለታት አንድ ቀን አማቴ፣ እማማ የምንላቸው፣ ውኃ ሊቀዱ ወጣ ሲሉ ገባችና አልጋዬ ጫፍ ተቀምጣ አየችኝ።

"አይንሽ ቆርቆሮ መስሏል" አለችኝ።

"ሌላ የማየው ምን አለ?"

ሄዳ አንድ ፌስታል የጨርቅ ቁርጥራጭ ይዛ መጣች። የተማሪ ዩኒፎርም ሰማያዊ ነበረበት፣ የሱፍ ልብስ ገበር፣ የሙሽራ ሚዜ ቀሚስ ሮዝ፣ የአንድ ሽማግሌ ኮት ግራጫ። በመዳፍ ልክ እየቆረጠች እንዴት ጎን ለጎን እንደሚገጣጠም አሳየችኝ። በእነሱ ቤት ከእንዲህ ያለ ነገር የአልጋ ልብስ ይሠራል፤ እናቷም አያቷም ሠርተዋል።

እማማ ባልዲያቸውን ይዘው ሲገቡ መርፌ በእጄ ነበር። ቆም ብለው ጨርቁን አዩት፣ ከዚያ ሆዴን አዩት።

"ለሚመጣ ሰው ቀድሞ አይሰፋም" አሉ።

ልክ ነበሩ። እኔም አምንበታለሁ። በሁለተኛው እርግዝናዬ ቢጫ የክር ቆብ፣ ብርቱካን የምታህል፣ በኪሮሽ ሠርቼ ነበር። ከዚያ የሆነው ሆነ። ቆቡን መጣል አቅቶኝ ፍራሹ ሥር ደብቄዋለሁ፤ እላዩ ላይ ነው የምተኛው። እጄ ውስጥ ያለው መርፌ ወዲያው ፈራኝ፤ ማለቴ እኔ ፈራሁት።

ጎረቤቴ ግን ሳትደናገጥ፣ "ለሰው አይደለም እማማ፤ ለገና ነው። ግድግዳው ላይ የሚሰቀል" አለቻቸው።

"ለገና ድሪቶ ልትሰቅሉ?"

"የሚያምር ድሪቶ" አለች።

እማማ ባልዲያቸውን አስቀምጠው እንዝርታቸውን አነሱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ አልጋ ላይ እሰፋለሁ፣ እሳቸው በርጩማ ላይ ይፈትላሉ፤ ሁለታችንም ስለ ምን እንደምንሰፋና እንደምንፈትል አናወራም።

ጊዜው የጾም ነበር። እማማ የነቢያትን ጾም ይዘዋል። ታኅሣሥ ገፋ ሲል ደግሞ የጎረቤቴ ረመዳን ገባ። ከሦስታችን ምሳ የምበላው እኔ ብቻ ሆንኩ፣ ያውም በሐኪም ትእዛዝ እንቁላልና ወተት። እማማ በማንኪያ ሊያጎርሱኝ ሲመጡ ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው ነው። የሚያበሉት እኔን ይሁን ሆዴ ውስጥ ያለውን አላውቅም፤ እንደ ዕቃ ይሰማኝ ነበር፤ ውስጡ ያለው እንዳይፈስ የሚጠበቅ ገንቦ።

ገና ሲቃረብ እማማ ለበዓሉ ቅመም ሊገዙ ሾላ ገበያ ሊሄዱ ተነሡ። በሩ ላይ ቆመው አሰቡ።

"የግቢው ሰው እየገባ እንዳያስነሳሽ ልቆልፈው" አሉ።

"ይተዉት እማማ፤ አልነሳም።"

"አንቺስ አትነሺም። ልብሽ ነው የሚነሳው።"

የቁልፉ ድምፅ ተሰማኝ፣ ከዚያ እርምጃቸው። እኔ በተዘጋ ቤት ውስጥ ብቻዬን ቀርቼ አላውቅም ነበር። መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ ቀጥሎ ጣሪያው ዝቅ ያለ መሰለኝ። ስፌቴን አነሳሁ። ጥቂት ቆይቶ ሆዴ እንደ ድንጋይ ጠጠረ። ለቀቀኝ፤ እንደገና ያዘኝ። ይህን ሕመም አውቀዋለሁ። ሁለት ጊዜ እንዲህ ብሎ ነው የጀመረኝ።

ግድግዳውን በመቀሱ እጀታ መታሁት። ጎረቤቴ በመተላለፊያው መጥታ ፊቷን ከፍርግርጉ ላይ አደረገች።

"ያዘኝ" አልኳት።

"በሩ?"

"ተቆልፏል።"

ሮጣ ሄዳ በሩን ስትነቀንቀው ሰማሁ፤ ተመልሳ መጣች። "ልስበረው?" አለች። ብትሰብረውስ ምን ታደርጋለች? ልትሸከመኝ ነው? መንቀሳቀስ የተከለከለ ነገር ነው። ውጪም ውስጥም ያለነው እኩል የታሰርን ሆንን። እጇን በብረቱ መሃል እስከ ክርኗ አስገባችና እጄን ያዘች። እጇ ቀዝቃዛ፣ ጣቶቿ በመርፌ የሻከሩ ነበሩ።

"አብሽሪ። በአፍንጫሽ ሳቢ፣ በአፍሽ አውጪ። ይሄውልሽ ይለቅቃል።"

"ካልለቀቀስ?"

"ካልለቀቀ እሰብረዋለሁ። አሁን ግን ተንፍሺ።"

ከመጠጥ ቤቱ ወገን የሆነ ሰው የቢራ ሣጥን ያራግፋል፤ ጠርሙሶቹ ይንኳኳሉ። እሷ አፏ በጾም ደርቆ ሳታቋርጥ ታወራኛለች፤ ስለ ልጅነቷ፣ ወንዝ ዳር ስላጠበችው ምንጣፍ፣ አንዱንም በደንብ አልሰማሁትም። ሕመሙ እየራቀ፣ እየራቀ ሄደ። ሆዴ ለስለስ ሲል ደግሞ ውስጤ ያለው ተገላበጠ። ያኔ ነው ያለቀስኩት። እሷም ክንዷን ሳታወጣ አብራኝ አለቀሰች።

እማማ ሲመለሱ በመተላለፊያው በኩል አለፉና ያንን ክንድ አዩት። በሩን ከፍተው ገቡ፤ ዘንቢላቸውን አኖሩ፤ ላቤን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉልኝ። ከዚያ ወጥተው ቁልፉን ለጎረቤቴ ሰጧት።

"ይሄ ካንቺ ዘንድ ይሁን" ሲሏት ሰማሁ።

ያን ዕለት አመሻሽ ላይ፣ ባለቤቴ ሳይመጣ፣ እማማ በርጩማቸውን ወደ አልጋው አስጠጉ።

"እኔም ሠርቼ አውቃለሁ" አሉኝ። "የመጀመሪያዬን ሳረግዝ። ራሴ ፈትዬ፣ ትንሽዬ ጋቢ አሸምኜ። ጋቢው ኖረ፤ ልጁ አልኖረም።"

"የት አደረጉት?"

"ሌላ ሲወለድ ለበሰው። ባልሽ ነው የለበሰው።"

ከሙዳያቸው ነጭ ባዘቶውን በእጃቸው ሙሉ አወጡና ጭኔ ላይ አስቀመጡት። "ድሪቶሽ ሳስቷል። በመሃሉ ይህን አንጥፊበት" አሉ። ከዚያ በኋላ ስፌቱ የሦስታችን ሆነ። እማማ ባዘቶውን ያነጥፋሉ፣ ጎረቤቴ ከሥር ገበሩን ትወሰውሳለች፣ እኔ በጀርባዬ ተኝቼ፣ ክንዴ እስኪዝል ጨርቁን ወደ ላይ ይዤ ከላይ እስከ ታች በመርፌ እጠቅመዋለሁ። መርፌው ሲያመልጠኝ ፊቴ ላይ ይወድቅ ነበር።

ባለቤቴ የሚሠራበት ሆቴል የፈረንጆቹን ገና ቀድሞ ያከብራል። በዓሉ አልፎ ጌጡ ሲነሳ ሊጣል የነበረውን ሪባንና የሚያብለጨልጭ ወረቀት ይዞልን መጣ። እኛ ከዚያ ኮከብ ቆረጥን። ከተራረፈው ጨርቅ ጥጥ የሞሉ ትንንሽ ኳሶች ሰፋን፤ የተሰበሩ የልብስ ቁልፎችን በክር ሰክተን እንደ ዶቃ አደረግን። ባለቤቴ የጥድ ቅርንጫፍ ገዝቶ በአሸዋ የተሞላ የዘይት ቆርቆሮ ላይ አቆመው። እኔ ከአልጋዬ ሆኜ "ከፍ አድርጉት፤ እዚያ ጋ ባዶ ነው" እላለሁ። ትእዛዝ መስጠት ደስ ይላል ብዬ ነበር። ሌሎች ቆመው፣ እጃቸውን ዘርግተው የሚያደርጉትን ተኝቶ ማየት ግን ያስቀናል። ኮከቡን ከጫፉ ላይ ራሴ ባደርገው ብዬ የተመኘሁትን ያህል በሕይወቴ የተመኘሁት ጥቂት ነው።

በመጨረሻ ጎረቤቴን "ከፍራሹ ሥር፣ በራስጌ በኩል እጅሽን አስገቢ" አልኳት። ቢጫዋን ቆብ አወጣች። ተጨፍልቃ እንደ ወረቀት ሆናለች። ምን እንደሆነች ሳልነግራት ገባት።

"እዛፉ ላይ?" አለችኝ።

"አዎ።"

ባለቤቴ ወደ ውጭ ወጣ። እማማ ቆቧን ከጎረቤቴ እጅ ተቀብለው በጣታቸው ዘረጓት፣ በውስጧ ባዘቶ ሞልተው ክብ አደረጓትና ከመሃለኛው ቅርንጫፍ ላይ አኖሯት።

የገና ዕለት ዘመድ መጣ። ድሪቶው አልጋው ፊት ለፊት ካለው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር፤ ሁሉም አደነቀው። አንዷ የባለቤቴ አክስት "እንዴት ታድለሻል፤ ተኝቶ መዋል" አለችኝ። ዳቦ ተቆረሰ፣ ዶሮው ወጣ፣ ከተጎዘጎዘው ሳር ላይ ልጆች ተጫወቱ። እኔ በተነጠፈ አዲስ አንሶላ ውስጥ፣ ፀጉሬ ተሠርቶ፣ ከጌጦቹ እንደ አንዱ ተጋድሜያለሁ። ያዩኛል፤ ያደንቁኛል፤ ነጠላቸውን አስተካክለው በበሩ ይወጣሉ። በእያንዳንዱ ሰው መውጫ በሩ ሲከፈት የምትገባውን ብርሃን እጠብቃለሁ፣ ትመጣለች፣ ይዘጋል። ባለቤቴ ሥራ ላይ ነበር፤ በዓል ሲሆን አስተናጋጅ አያርፍም። ፀሐይ ስትጠልቅ ጎረቤቴ ጾሟን እኛ ዘንድ ፈታች። እማማ አስቀድመው ያስቀመጡላትን ተምርና ከዳቦው ቁራሽ አቀረቡላት። ሁለቱ አጎንብሰው ሲበሉ አየኋቸውና ከዚያ ውሎ ሁሉ ያ ትንሽ ሰዓት ብቻ አላስጨነቀኝም።

ከገና በኋላ ያለው ጊዜ የባሰ ነበር፤ የምጠብቀው በዓል የለም፤ የምሰፋው የለም። ጥዱ ደረቀ፣ ቅጠሉ አልጋው ላይ ይረግፋል። እማማ ግድግዳው ላይ ያለውን ድሪቶ አውርደው እግሬ ላይ አለበሱኝ። መጋቢት ላይ ክሩ ተፈታ፤ ሴት ልጅ ወለድኩ። ትንሽ ነበረች፤ ጩኸቷ ግን ትልቅ። ድሪቶው ላይ ነው ያደገችው፤ ሰማያዊው መጀመሪያ አለቀ፣ ሮዙ ቀጠለ፤ በኋላ ወለል መጥረጊያ ሆኖ ቀረ። አላዘንኩለትም።

እኔ ግን ነፃ የወጣሁ መስሎኝ አራስ ሆንኩ፤ ማለትም ተመልሼ እዚያው አልጋ ገባሁ። የአራስነቱ ጊዜ አልፎ እማማ ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ ነው ጎረቤቴ "ነይ እንውጣ" ያለችኝ። ልጄን እሷ አዘለችልኝ። ወደ ባምቢስ፣ ወደ ትልቁ መንገድ፣ ወረድን። እግሬ የእኔ አይመስልም፤ አስፋልቱ ይገፋኛል። ሚኒባሶቹ፣ ወያላው፣ የመኪና ጡሩምባው፣ የሰዉ ትከሻ፣ ሁሉም በአንዴ መጣብኝ። መሻገሪያው ጫፍ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ያንን ሁሉ ወር የናፈቅኩት መንገድ ፊቴ ነው፤ እኔ ግን አልጋዬን ፈለግሁ። አፍሬም ፈርቼም ነበር።

"ምን ሆንሽ?" አለችኝ።

"አልችልም።"

"እሺ" አለች። አላግባባችኝም። አንድ ሱቅ ደፍ ላይ አስቀምጣኝ ለስላሳ ገዛችልኝ። ልጄ ጀርባዋ ላይ ተኝታለች። መኪኖቹ እያለፉ አየናቸው። ያን ቀን ሳንሻገር ተመለስን፤ በሌላ ጊዜም እንዲሁ። ብቻዬን የተሻገርኩት ክረምቱ ከገባ በኋላ ነው፤ ዝናብ እየዘነበ ስለነበር ሰው ሁሉ ይሮጣል፤ እኔም ሮጥኩ።